የተራራው ሐይቅ ዓሣ ምን ይቀርብለታል?

ዴንቨርና ኦሮራ የምንኖር ሰዎች ሰመር ሲገባ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ተራራው መውጣት እንወዳለን። ምሳው፣ ምንጣፉ፣ ጀበናው ሳይቀር መኪና ላይ ይጫናል። እኔና ጓደኞቼ ዘንድ ከጀበናው ጎን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግም መጋደም ከጀመረ ቆይቷል። አዲስ የሚቀላቀለን ሰው ሁሉ ታዲያ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ «ምን ልግዛ?»

መጠየቁ አይፈረድበትም። የማጥመጃ መደብሮች ግድግዳ ላባ በለበሱ ጥቃቅን መንጠቆዎች፣ በሚያብለጨልጩ ብረቶችና ዓይን በተሳለላቸው የፕላስቲክ ዓሣዎች የተሞላ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን የገዛሁት ከሁሉም ትልቁንና ደማቁን ነበር። ሐይቁ ዳር ቆሜ ዓሣዎቹን በዓይኔ እያየኋቸው ወረወርኩት። ብረቱ ውኃው ላይ «ጧ» ብሎ ሲያርፍ ጅብ እንደገባበት በግ ተበታተኑ። ያን ቀን ቡና ጠጥተን ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ከሁሉ በፊት ዓሣው በየትኛው ጥልቀት እየበላ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የማባበያው መጠን፣ ከዚያ ቅርጹ ይመጣል። ቀለም የመጨረሻው ነው። መደብር ውስጥ ግን ሁላችንም የምንመርጠው ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ ቀለሙ መጀመሪያ የእኛን ዓይን ይይዛል።

ምክንያቱ ያለው ሐይቁ ውስጥ ነው። ከዴንቨር አንድ ሰዓት ያህል የሚያስነዳውን ኤኮ ሌክን እንውሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያልፋል፤ ማለትም የእንጦጦን አናት ይስተካከላል። ከዚያም ከፍ ያሉ፣ በእግር ብቻ የሚደረስባቸው ሐይቆች አሉ። እነዚህን በረዶ የሚለቃቸው በሰኔ ነው፤ አንዳንዶቹን ሐምሌ እስኪጠባ አይለቃቸውም። ኅዳር ላይ መልሶ ይሸፍናቸዋል። ዓሣው የዓመት ቀለቡን የሚሰበስበው በእነዚህ ጥቂት ወራት ስለሆነ ምግብ የማማረጥ ቅንጦት የለውም። በአንጻሩ ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ የሰው ጥላ፣ ወፍራም ክር፣ ከባድ ብረት ያስደነግጠዋል። ባጭሩ ለምግቡ ዓይነት ብዙም አይጨነቅም፣ ለአቀራረቡ ግን በጣም ይጨነቃል።

እነዚህ ውኃዎች ውስጥ ያለው ዓሣ ትራውት ይባላል። የአካባቢው ተወላጅ «ከትስሮት» የሚሉት ሲሆን ከመንጋጋው ሥር በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ቀይ መስመር አለው። ከዚህ ዓሣ ዘሮች አንዱ፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነው፣ የኮሎራዶ ግዛት መለያ ዓሣ ነው። ብሩክ ትራውት ከምሥራቅ አሜሪካ፣ ሬንቦ ከፓስፊክ ዳርቻ፣ ብራውን ከአውሮፓ የመጡ እንግዶች ናቸው። ፏፏቴ መንገድ ስለዘጋባቸው ከላይ ካሉት ሐይቆች ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው ዓሣ አልነበራቸውም። ዛሬም ግዛቱ የጣት አንጓ የምታህል ጫጩት ዓሣ በትንንሽ አውሮፕላን እያመጣ ከአየር ይለቅባቸዋል። እንግድነቱ በእኛም አገር አለ፤ በባሌ ተራሮች ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት ከኬንያ የመጣ ነው።

ወንዝና ሐይቅ ግን ይለያያሉ። ወንዝ ውስጥ ዓሣው አንድ ቦታ ቆሞ ውኃው ምግቡን እስኪያመጣለት ይጠብቃል። ሐይቅ ውስጥ የሚያመጣለት ስለሌለ ራሱ እየዞረ ይለቅማል። ስለዚህ ወንዝ የሚገባበትንና የሚወጣበትን አፍ፣ ጥልቀት የሌለው ዳር በድንገት ወደ ጥቁር ውኃ የሚወርድበትን ጠርዝ፣ ነፋስ የሚገፋበትን ዳርቻ ማየት ተገቢ ነው። የውኃ ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር ከማንኛውም ውድ ማባበያ የበለጠ ይጠቅማል። ከውኃው ጠርዝም ራቅ ብሎ መጀመር ነው። ጀማሪ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ወደ መሐል ሲወረውር ዓሣው ከኋላው፣ እግሩ በነበረበት ቦታ ያልፋል።

አሁን ወደ ማባበያው ሳጥን እንምጣ። «ፍላይ» የሚባለው በመንጠቆ ላይ በላባ፣ በጠጉርና በክር የተሠራ ነፍሳት መሳይ ነገር ነው። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። «ሉር» የሚባለው ራሱን ችሎ የሚወረወር፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። የመንጠቆ ቁጥር ግራ እንዳያጋባ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 18 ቁጥር ከ10 ቁጥር በጣም ትንሽ ነው።

በተራራ ሐይቅ ዋናው ቀለብ ትንኝ ነው። እጯ ጭቃው ውስጥ ታድግና ክንፍ ልታወጣ ስትል ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው ከውኃው ገጽ በታች ስለሆነ ይህች ጉዞ ለእሱ ድግስ ናት። «ዜብራ ሚጅ» የምትባለው ፍላይ፣ ጥቁር ክርና ቀጭን የብር ሽቦ ተጠምጥሞባት ጫፏ ላይ ዶቃ ያላት፣ ይህችኑ እጭ ትመስላለች፤ 18 ቁጥር ይበቃታል። ትንኟ ገጽ ላይ ስትደርስ ደግሞ «ግሪፊትስ ናት» አለች። ስሟን ያገኘችው ትራውት አንሊሚትድ የተባለውን የዓሣ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ከሆነው ከጆርጅ ግሪፊት ነው።

ለጠቅላላ አገልግሎት የሚሆን አንድ ተንሳፋፊ ፍላይ ብቻ ግዙ ብባል «አዳምስ»ን እላለሁ፣ 14 ወይም 16 ቁጥር። ሌን ሃላዴይ የተባለ የሚሺጋን ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 የሠራት ግራጫ ፍላይ ናት። አንድን ነፍሳት ለይታ አትመስልም፤ ሁሉንም በጥቂቱ ትመስላለች። እዚህ ሐይቅ ላይ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ሰው የሚዘነጋው ከየብስ የሚመጣውን ምግብ ነው። ከሰዓት በፊት ሞቅ ሲል ነፋስ ከሸለቆው ሽቅብ ይነፍስና ጉንዳን፣ ጢንዚዛና ፌንጣ ተሸክሞ ሐይቁ ላይ ያራግፋል። መዋኘት የማይችል ጉንዳን ለትራውት እንደ ቆሎ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቁር ጉንዳን የምትመስል ፍላይ ሳልይዝ አልወጣም። ስለ ውድ ዕቃ ሲወራ የማይነሳው ይህ ርካሽ ነገር ከብዙ ባዶ ቀን አድኖኛል። ለጥልቁ ውኃ ደግሞ «ዉሊ በገር» አለች፤ ጭራዋ ለስላሳ ላባ ሆኖ ስትጎተት እንደ አልቅት ትርገፈገፋለች። ጥቁር ወይም የወይራ ቀለም፣ 8 ወይም 10 ቁጥር። እንድትሰጥም ጊዜ ሰጥቶ በአጭር በአጭሩ መሳብ ነው።

«ፍላይ ለመወርወር ልዩ ዘንግና ወፍራም ክር ያስፈልጋል፣ እኔ የለኝም» የሚል ሰው ተስፋ አይቁረጥ። እኔም ለብዙ ጊዜ አልነበረኝም። መፍትሔው ውኃ የሚሞላ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ተንሳፋፊ ነው፤ አጥማጆች «በብል» ይሉታል። በተራው ዘንግ ክር ላይ ይታሰራል፣ ለክብደት እስከ ግማሹ ውኃ ይጨመርበታል። ከእሱ በኋላ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቀጭን ክር፣ ከ0.15 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ይቀጠልና ጫፉ ላይ ፍላይዋ ትታሰራለች። ዓሣው ካለበት አልፎ ወርውሮ፣ ውኃው እስኪረጋ ጠብቆ፣ ክሩን በጣም በዝግታ መጠቅለል ነው። አጠገቤ ውድ የፍላይ ዘንግ የያዘ ሰው ነፋስ ክሩን ሲያጠላልፍበት እኔ በዚህች በብል ሐይቁን አጋምሼ ስወረውር ትንሽ ኩራት ቢጤ እንደሚሰማኝ አልደብቅም።

ሉርን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ይበቃል። አንዱ ቅጠል የመሰለ ብረት በቀጭን ሽቦ ዙሪያ የሚሽከረከርበት ስፒነር ነው፤ ፓንተር ማርቲንና የፈረንሳዩ ሜፕስ የታወቁ ናቸው። ሌላው እንደ ካስትማስተር ያለ ጠንካራ ብረት ነው፤ ከነፋስ ጋር ሩቅ ይሄዳል፣ ቶሎም ይሰጥማል። ክብደታቸው ከ2 እስከ 7 ግራም ባለው ውስጥ ይሁን፤ እኔ ሦስት ግራም ተኩል ገደማ እመርጣለሁ። በጠራራ ፀሐይ ብርማ፣ በዳመና ወርቅማ ወይም ጥቁር የሚል ልማድ አለ። እኔም እከተለዋለሁ፣ ግን አልምልበትም።

ሉር ሲወረወር ዋናው ቁም ነገር መቁጠር ነው። ብረቱ ውኃ እንደነካ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጥሮ መሳብ። ምንም ካልነካው በሚቀጥለው እስከ ስድስት፣ ከዚያም እስከ አሥር። ዓሣው ሲነክስ ስንት ላይ እንደነበሩ ካስታወሱ ጥልቀቱ ተገኘ ማለት ነው። ሰው ቀለም ሲቀያይር ከሚያጠፋው ጊዜ ሩቡን ቢቆጥርበት ኖሮ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። ተከትሎ መጥቶ ሳይነክስ የሚመለስ ዓሣ ካለ ለአፍታ ማቆም፣ ወይም ወደ ትንሹ መቀየር ነው።

ከመግዛት በፊት ግን ሕጉን ማንበብ ግድ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። በተራራ ካሉት ውኃዎች የተወሰኑት ደግሞ ሰው ሠራሽ ፍላይና ሉር ብቻ የሚፈቀድባቸው ናቸው። ትል አይቻልም፤ መደብሮች በብልቃጥ የሚሸጡት ሽታ ያለው ሊጥም እንደዚያው። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ለምሳሌ፣ ጎብኚ የሚበዛበት ቤር ሌክ ጭራሹን ለማጥመድ ዝግ ነው። ዓሣውን ለመልቀቅ ካሰቡ የመንጠቆውን እሾህ በጉጠት መጫን፣ እጅን አርጥቦ መያዝ፣ ከውኃ ሳያወጡ መፍታት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ዘንጉን አጥፎ መውረድ ነው። ብዙዎቹ ዘንጎች የሚሠሩት ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ የካርቦን ቃጫ ነው።

ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ይዞ ለመጥበስ የሚወስድ ሰው ሆዱን ሲከፍት ሳያየው አይጣል። ዓሣው የበላው ምን እንደሆነ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ እዚያው ይታያል። ባለፈው ነሐሴ አንዱን ስከፍት ጢም ብሎ የሞላው በጥቁር ጉንዳን ነበር፤ ሌላ አንድም ነገር የለም። እኔ ግን የያዝኩት ስምንት ቆጥሬ በሳብኩት ብርማ ብረት ነበር።