ተቀያሪ የሌለበት ጨዋታ

በእግር ኳስ አንድ ተጫዋች ቢጎዳ አሰልጣኙ ዞር ብሎ ተቀያሪ ወንበሩን ያያል። ቡድኑ ቢደክም የዕረፍት ሰዓት አለ፤ ጥፋት ቢሠራ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ሐኪሙም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ ይሮጣል። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ላይ ለብቻ በታንኳ እየቀዘፉ፣ ማታ ማታ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ በማደር የሚካሄደው ስፖርት ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ቀዛፊው፣ ተሸካሚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ሐኪሙና አሰልጣኙ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ከተሳሳተ የሚቀይረው የለም።

የታንኳ ቀዘፋ በኦሊምፒክ መድረክ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ ገብቷል። ቀደም ሲል በካያክ ብቻ ይሳተፉ የነበሩት ሴቶችም በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በካኖ ተወዳድረዋል። የሴቶቹ የ200 ሜትር ፍልሚያ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ አለቀ። የጫካው ቀዛፊ ግን ሳምንት ሙሉ ሲቀዝፍ ቢከርም ሰዓት የሚይዝለት የለም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። "ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ስፖርት?" የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሜዳውን ማየት ያስፈልጋል።

ሜዳው

የዚህ ስፖርት አፍቃሪዎች ከሚመርጧቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ከካናዳ ድንበር ጋር ተያይዞ የሚገኘው ባውንደሪ ዋተርስ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ ኢሊ እስከምትባለው ትንሽ የመግቢያ ከተማ ድረስ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጥብቅ ስፍራው ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን መንገዱ ውኃ ነው።

ስፋቱ 4,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአዲስ አበባን ስምንት እጥፍ ያህላል። ከ1,100 በላይ ሐይቆች፣ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የታንኳ መስመርና ሁለት ሺህ ያህል የድንኳን ማረፊያዎች አሉት። ድንበሩን ሲሻገሩ ኬቲኮ የተባለው የካናዳ ፓርክ ይቀጥላል። እሱም በስፋት ከዚህኛው አያንስም።

ባውንደሪ ዋተርስ በ1964 በወጣው የአሜሪካ የዱር ስፍራዎች ሕግ ከተካተቱት አንዱ ሲሆን፣ በ1978 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የሞተር ጀልባን ከአብዛኞቹ ሐይቆች አስወጥቷል። ደንቡ ጥብቅ ነው። አንድ ቡድን ከ9 ሰውና ከ4 ታንኳ መብለጥ አይችልም። የቆርቆሮ ምግብና የጠርሙስ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በየማረፊያው የሚጠብቀው አንድ የብረት ማንደጃና ጫካው ውስጥ ያለ ግድግዳ የተቀመጠ መፀዳጃ ብቻ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው የፈረንጆቹ ወቅት በእያንዳንዱ መግቢያ በቀን የሚገቡት ቡድኖች ቁጥር የተወሰነ በመሆኑ የታወቁት መግቢያዎች ፈቃድ እንደ ደርቢ ትኬት ቀድሞ ያልቃል።

ቀንበሩ

ታንኳ ሲባል የጣናን የደንገል ታንኳ ለሚያስብ ሰው የዚህችኛዋ ታሪክ ሌላ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦጂብዌዎች በርች ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት ይሠሯት ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግሩማን የተባለው የጦር አውሮፕላን አምራች ፊቱን ወደ አሉሚኒየም ታንኳ አዞረ፤ የሁለት ሰው ታንኳው 34 ኪሎ ገደማ ትመዝን ነበር። የዛሬዋ የአንድ ሰው ታንኳ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ከሚሠራበት ኬቭላር ስለምትሠራ አራት ሜትር ተኩል ያህል ረዝማም ክብደቷ ወደ 15 ኪሎ ይወርዳል።

ቀላል መሆኗ ለቅንጦት አይደለም። ሐይቆቹ እርስ በርስ ሁልጊዜ አይገናኙም። በመካከላቸው ያለው ድንጋይ፣ ጭቃና ዳገት የሚታለፈው ታንኳዋን ገልብጦ ትከሻ ላይ በማድረግ ነው። ለዚህ ሲባል መሃሏ ላይ ቀንበር የሚመስል እንጨት ይገጠምላታል፤ በእንግሊዝኛም ስሙ ቀንበር ነው። መሻገሪያው ፖርቴጅ ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጉሙም ተሸክሞ ማሻገር ማለት ነው። ቃሉን ያስለመዱት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእነዚህ ሐይቆች የፀጉራም እንስሳት ቆዳ ሲያመላልሱ የነበሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ቀዛፊዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱ 41 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ሁለት ሁለቱን ይሸከሙ እንደነበር ተጽፏል። ወደ 14 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ግራንድ ፖርቴጅ የተባለ መሻገሪያም እንደዚያው ነበር የሚያልፉት። ጉድ ያሰኛል።

የመሻገሪያ ርቀት ዛሬም ካርታ ላይ የሚጻፈው ሮድ በሚባል አሮጌ መለኪያ ነው። አንድ ሮድ አምስት ሜትር፣ ማለትም የአንድ ታንኳ ርዝመት ያህል ነው። ሁለት ሰው ሆነው የሚጓዙ አንዱ ታንኳውን፣ ሌላው ሻንጣውን ይዞ በአንድ ጊዜ ያልፋሉ። ብቸኛው ቀዛፊ ግን ብዙ ጊዜ ይህን አይችልም። መጀመሪያ ሻንጣውን አድርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከዚያ ታንኳውን ተሸክሞ ይሄዳል። ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ሜትር መሻገሪያ ለእሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። በቀን እንዲህ ያለ አራት መሻገሪያ ያለበት መስመር የመረጠ ሰው 12 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ኪሎ ሜትር ከነሸክሙ። ቁርጭምጭሚቱ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቢታጠፍ ደግሞ አልጋ ይዞ የሚመጣ የለም።

ተጋጣሚው

ስለዚህ ስፖርት ሲወራ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚጠይቀው ስለ አውሬ ነው። እርግጥ ነው ጥቁር ድብ አለ፤ ተኩላም አለ። ድቡ የሚፈልገው ግን በአብዛኛው ምግቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ስለዚህ ስንቅ ድብ በማይከፍተው ዕቃ ይቀመጣል፣ ወይም ከዛፍ ላይ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ዋናው ተጋጣሚ ሌላ ነው፤ ነፋስና ቀዝቃዛ ውኃ።

ሁለት ሰው ያለባት ታንኳ ፊትና ኋላዋ የተመጣጠነ ነው። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ ካመዘነ ግን የታንኳዋ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። ነፋሱም ያንን አፍንጫ እንደ በር መዝጊያ ይዞ ያዞረዋል። ልምድ ያለው ቀዛፊ ከባዱን ሻንጣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ራሱም ወደ መሃል ይጠጋል። በአንድ ጎን ብቻ መቅዘፍ ታንኳን ወደ ተቃራኒው ጎን ስለሚያዞራት በእያንዳንዱ ምት መጨረሻ ላይ መቅዘፊያውን ጠምዘዝ አድርጎ አቅጣጫዋን ያስተካክላል። ይህች ትንሽ ጥምዘዛ እንደ ጥሩ የመጀመሪያ ንክኪ ናት፤ የተካነው ሲያደርጋት ለተመልካች አትታይም፣ ያልቻለው ግን ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ግን አለመቅዘፍ ነው። ነፋስ በአብዛኛው ከረፋዱ በኋላ ስለሚበረታ ብዙዎች ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ፤ ትልቁን ሐይቅ ጠዋት ጨርሰው ከሰዓት በኋላ ያርፋሉ። ማዕበሉ ነጭ አረፋ ማሳየት ከጀመረ ደግሞ ካምፕ ውስጥ መቀመጥ ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ዋጋ የሚያስከፍለው "እስከዛሬ ማለፍ ነበረብኝ" የሚል ጥድፊያ ነው።

ለምን እንደሆነ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጎርደን ጊዝብሬክት በሦስት ቁጥሮች አስቀምጦታል፤ አንድ፣ አሥር፣ አንድ። በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ድንጋጤው የሚያስቆርጠውን ትንፋሽ ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ አለው። ከዚያ እጁና እግሩ የሚታዘዙለት አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ራሱን እስኪስት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። በሰሜን ሚኒሶታ በረዶው ከሐይቆቹ ላይ የሚለቀው በአብዛኛው በፈረንጆቹ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መጀመሪያ አካባቢ ነው። ሰማዩ ፀሐይ፣ አየሩ ሞቃት ሆኖ ውኃው ግን ገና ክረምት ላይ ነው ማለት ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ያላሰረ ሰው የመጀመሪያውን ደቂቃ ላያልፋት ይችላል። ሐይቁ መሃል የተገለበጠ ብቸኛ ቀዛፊ አሥሩ ደቂቃ ውስጥ ወደ ታንኳዋ ተመልሶ መውጣት ወይም ዳር መድረስ አለበት፤ እጁን የሚይዝለት ሁለተኛ ታንኳ የለም።

ሁለተኛ ታንኳ መኖሩም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በግንቦት 2024 በባውንደሪ ዋተርስ ድንበር ላይ በሚገኘው ከርተን ፏፏቴ አጠገብ አራት ጓደኛሞች በሁለት ታንኳ ሲጓዙ የውኃው ኃይል ወስዷቸው ሁለቱ ሕይወታቸው አልፏል። አስከሬናቸውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል ፍለጋ ጠይቋል። አራት ሆነው እንዲህ ከሆነ ብቻውን ያለ ሰው ከፏፏቴ በላይ ያለውን ውኃ ገና ከሩቅ ሊፈራው ይገባል።

ብቻ መሆንና ብቸኝነት

ታዲያ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ብቻውን ይሄዳል? የዶሮቲ ሞልተር ታሪክ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ከቺካጎ የመጣችው ነርስ በ1930ዎቹ ናይፍ ሐይቅ ደሴቶች ላይ መኖር ጀመረች። በ1949 በወጣ ትእዛዝ አውሮፕላኖች በአካባቢው ዝቅ ብለው እንዳይበሩ ሲከለከል የለስላሳ መጠጥ አቅርቦቷም ተቋረጠ። እሷም ሩት ቢር የሚባለውን አልኮል አልባ መጠጥ ራሷ እየጠመቀች ለቀዛፊዎች ማቅረብ ያዘች። ቅርብ የሚባለው የመኪና መንገድ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል። በ1952 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት "በአሜሪካ እጅግ ብቸኛዋ ሴት" ብሎ ሰየማት። እውነታው ግን በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዛፊዎች ደጇን ይረግጡ ነበር። የአካባቢው ሕግ ነዋሪዎችን ሲያስወጣ እሷ እስከ ዕድሜዋ ፍፃሜ እንድትቆይ ተፈቀደላትና በታኅሣሥ 1986 በ79 ዓመቷ እዚያው አረፈች። ጎጆዎቿ ፈርሰው፣ ኢሊ ከተማ ተወስደው እንደገና ተሠርተዋል፤ ዛሬ ሙዚየም ናቸው።

ሌላው ምሳሌ ቨርለን ክሩገር ነው። የሚቺጋኑ የቧንቧ ሠራተኛ መቅዘፊያ የያዘው በ41 ዓመቱ ነው፤ የእግር ኳስ ተጫዋች ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ማለት ነው። ከ1980 እስከ 1983 ከስቲቭ ላንዲክ ጋር፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የነጠላ ሰው ታንኳ ሆነው 28,000 ማይል ወይም 45,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀዝፈዋል። ዓለምን በወገቧ ዞሮ የተረፈው እንኳን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አብዛኛው ብቸኛ ቀዛፊ እንደ ሁለቱ አይደለም። ሥራ ያለው፣ የሳምንት ፈቃድ ወስዶ የሚሄድ ተራ ሰው ነው። የመጀመሪያዋ ሌሊት ከባድ ናት። ሉን የሚባለው የውኃ ወፍ እንደ ሰው ሲጮህ ያላወቀ ይደነግጣል፤ ቅጠል በረገጠ ቁጥር አይጧ ድብ ትመስላለች። በሦስተኛው ቀን ግን ጆሮ ይለምዳል። ስልክ አይሠራም፤ የሚያመሰግን የለም፤ የሚወቅስም የለም። መቼ መብላት፣ መቼ መነሳት፣ የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ውሳኔው ልክ መሆኑንም ሌላ ሰው አይነግረውም፤ ደርቆ ማደሩ ነው የሚነግረው።

የመጨረሻው ፊሽካ

የባውንደሪ ዋተርስ ፈቃድ ላይ የመግቢያው ቦታና ቀን ተለይቶ ይጻፋል። መውጫ በር ላይ ቆሞ የወጣውን የሚቆጥር ሰው ግን የለም። ገብቶ በቀኑ ያልተመለሰ ሰው እንዳለ በራሱ ጊዜ የሚያውቅ አካል የለም ማለት ነው። አሁን በሳተላይት መልእክት የሚልኩ አነስተኛ መሣሪያዎች ስላሉ ብዙ ነገር ቀልሏል። ነገር ግን መሣሪያው እርዳታ ይጠራል እንጂ አሥሩን ደቂቃ አያራዝምም፤ ማዕበል ላይ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ የሚለውንም አይወስንም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር ሳያደርጉ አይሄዱም። የሚሄዱበትን መስመር፣ የሚያድሩባቸውን ሐይቆች፣ የታንኳቸውንና የድንኳናቸውን ቀለም፣ የሚወጡበትን ቀንና ከዚያ ቀን ስንት ሰዓት ካለፈ ፈላጊ መጠራት እንዳለበት ወረቀት ላይ ጽፈው እቤት ለሚቀር ሰው ይሰጣሉ። ነፋስ አንድ ቀን ሊያስቀር ስለሚችል አንድ ትርፍ ቀንም ይጨምሩበታል። እንደ ባከነ ሰዓት መሆኑ ነው። ወረቀቱን ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሰዓቱን የሚያየው ያ የቤት ሰው፣ መቅዘፊያ ነክቶ ባያውቅም፣ የዚህ ቡድን ሁለተኛው ተጫዋች ነው።