ሐመልማላዊቱ ወፍና ጾሟ፤ ስለ ፓሮት ፊንች ርቢ ተረትና እውነታ

የጌጥ ወፎችን ማርባት ትዕግሥትን እንደሚሻ የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ትዕግሥቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚያስፈልግ የሚያስተውል ጥቂት ስለ ሆነ፣ አንዱ አርቢ ከሌላው እየሰማ፣ የሰማውንም ሳይመረምር ለሦስተኛው እያቀበለ፣ ግምቱ ሁሉ ውሎ አድሮ እንደ ሕግ ይጸናል። ይህ ልማድ ከጎዳቸው አዕዋፍ አንዷ፣ ከማላያ ልሳነ ምድር ጀምሮ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒን፣ በኒው ጊኒና በኒው ካሌዶንያ አልፎ እስከ ፊጂና ሳሞአ ድረስ በተበተኑት ደሴቶች የምትኖረው፣ ርዝመቷ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ሐመልማል የለበሰችው ፓሮት ፊንች ናት። ወገኖቿ ዐሥራ ሁለት ያህል ሲሆኑ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ በሽቦ መረብ በታጠሩ ሰፋፊ የወፍ ቤቶች ውስጥ ይልቁን የሚረቡት ሁለቱ ናቸው፤ እነርሱም የኒው ካሌዶንያዋ ባለ ቀይ ፊት፣ እንዲሁም ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች እስከ ሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ የምትገኘው ባለ ሰማያዊ ፊት ናቸው። ስለ እነዚህ የሚነገረውን ከእውነቱ ጋር እናስተያየው።

ተረት፦ «ፓሮት ፊንች የበቀቀን ዘር ናት።»

እውነታው፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህችን ወፍ ስም ያወጣው ግን ዓይን ብቻ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ግመሊን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1789 የኒው ካሌዶንያዋን ወፍ በላቲን ሲሰይም «በቀቀን መሰል» የሚል ቃል ሰጣት፤ እንግሊዛዊው ስዌንሰን ግን በ1837 ለመላው ወገን ኤሪትሩራ የሚለውን ስም ሲያወጣ፣ ትርጓሜው በጽርእ «ቀይ ጅራት» ነውና፣ ለነገሩ ይበልጥ ቀረበ። የሥጋ ዘመዶቿን ማየት የሚሻ ሰውም ወደ በቀቀን ሳይሆን ወደ ገዛ ግቢው ይመልከት፤ በአገራችን ከደጅ እህል የሚለቅሙት፣ ደረታቸው ሰማያዊ ሆኖ የወንዶቹ ጉንጭ ቀይ የሆነው ትንንሽ ወፎች ከዚያው ቤተ ሰብ ናቸው። ይህን ማወቅ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ዘመዷን ያወቀ አርቢ ምግቧን በበቀቀን ልክ ከመገመት ይድናል፣ የሣር ፍሬ ለቃሚ መሆኗንም ይረዳል።

ተረት፦ «ወንዱና እንስቷ በመልካቸው ይለያሉ።»

እውነታው፦ በደቡብ ምሥራቅ እስያ በሩዝ ማሳና በቀርከሃ ደን በምትኖረው ባለ ረዥም ጅራት ወገን ዘንድ ነገሩ እውነት ነው፤ የወንዱ ሆድ ቀይ ጅራቱም ረዥም ሲሆን፣ የእንስቷ ሆድ ገረጣ ያለ ጅራቷም አጠር ያለ ነው። ባለ ቀይ ፊቷ ዘንድ ግን ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ በፊታቸው ቅላት ስፋት ብቻ የፈረደ ሰው ሳያውቅ ሁለት እንስቶችን ባልና ሚስት ብሎ ያኖራል፤ ሁለቱም በአንድ ጎጆ ጥለው፣ ተራ በተራ ታቅፈው፣ አንድም ጫጩት ሳይፈለፈል በቀረ ጊዜ ወፎቹን ታመሙ ብሎ ያዝናል። የታመነው ምስክር ድምፅ ነው፤ ረዥሙንና የሚንቀጠቀጠውን ዜማ የሚያሰማው ወንዱ ነውና። ስለዚህ አስተዋይ አርቢ ብዙ ወጣት ወፎችን በአንድነት አሳድጎ፣ የሚያዜመውን በጆሮው ለይቶ፣ እርስ በርሳቸው እስኪመራረጡ ይጠብቃል።

ተረት፦ «ወንዱ እንስቷን ካሳደዳት ጠብ ነውና መለየት ይገባል።»

እውነታው፦ ይህን ያየ እንግዳ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ወንዱ ከቤቱ ዳር እስከ ዳር ከወንጭፍ እንደ ወጣ ጠጠር ይከተላታል፤ ትዞራለች፣ ይዞራል፤ ቅጠል ውስጥ ትገባለች፣ ይገባል፤ በመጨረሻም ባረፈችበት ቅርንጫፍ ላይ የማጅራቷን ላባ በመንቈሩ ጨብጦ ይይዛታል። ይህ ሁሉ ግን የጠብ ሳይሆን የተክሊል ሥርዓታቸው ነው። ነገሩን ወደ ጥፋት የሚለውጠው የስፍራው ጥበት ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል በሆነና በማዕዘኑ ጥቅጥቅ ያለ ቍጥቋጦ በተተከለበት ቤት ውስጥ እንስቷ በፈቀደችው ጊዜ ትሸሻለች፣ በፈቀደችውም ጊዜ ትያዛለች፤ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ግን መሸሻ ስለሌላት ማጅራቷ ይመለጣል፣ ጉልበቷም ያልቃል። በዚህ ጊዜ ወንዱን ከመውቀስ ሽቦውን ማስረዘም ይሻላል።

ተረት፦ «ደረቅ ዘርና ውኃ ካገኘች ይበቃታል።»

እውነታው፦ አዋቂዋን በሕይወት ለማቆየት ይበቃ ይሆናል፤ ጫጩት ለማሳደግ ግን አይበቃም። በትውልድ ስፍራዋ ልጆቿን በአብዛኛው የምትመግበው እሸት ነው፤ ገና ወተት የያዘ የሣር ፍሬ፣ በአንዳንዶቹም ወገኖች የሾላና የበለስ ፍሬ ዘር። ስለዚህ ጫጩት ባለበት ወራት አርቢው ዘሩን ነክሮ ጎንቍል እስኪያወጣ ማቆየት፣ ከዚህም ጋር የተቀቀለ ዕንቍላል ፈርፍሮ በደረቀ ዳቦ ዱቄት ለውሶ መስጠት፣ ለዕንቍላሏ ቅርፊት ጥንካሬም የተወቀጠ የዕንቍላል ቅርፊት ማኖር ይገባዋል። ለጠላ ብቅል ያበቀለች እመቤት እንደምታውቀው፣ የነከሩት እህል በአንድ ሌሊት ቸልታ ይሻግታል፤ በሙቀት ወራት የበቀለውን ዘር ጧት አቅርቦ የተረፈውን ከሰዓት በኋላ ያላነሣ አርቢ ጫጩቶቹን በገዛ እጁ ይመርዛል።

ተረት፦ «በጫጩቶቹ አፍ ዳር የሚታየው ሰማያዊ ነጥብ በሽታ ነው፤ በጨለማም ራሱ ያበራል።»

እውነታው፦ በሽታም አይደለም፣ ራሱም አያበራም። ወላጆቹ በየጐኑ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን የእንጨት ሣጥን በኮኮናት ጭረትና በደረቅ ሣር ሞልተው፣ ከአራት እስከ ስድስት ነጫጭ ዕንቍላሎች ጥለው፣ ለ13 ወይም 14 ቀን ከታቀፏቸው በኋላ፣ እርቃናቸውን የተፈለፈሉት ጫጩቶች አፋቸውን ሲከፍቱ በከንፈራቸው ማዕዘን ላይ ሰማያዊ ዶቃ የሚመስሉ እብጠቶች ይታያሉ። እነዚህም በሣጥኑ በር የገባችውን ጥቂት ብርሃን ሰብስበው ይመልሳሉ፤ በቅኔ ማኅሌቱ ጨለማ የአንዲት ጧፍ ብርሃን በብር መስቀል ላይ እንደሚያንጸባርቅ ማለት ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ወላጆች በጨለማው ጎጆ ውስጥ የልጆቻቸውን አፍ የሚያገኙት በዚህ ነው። ይህን ሳያውቅ ሊያክም ብሎ ሣጥኑን በየሰዓቱ የሚከፍት ሰው ወላጆቹን አስደንግጦ ከጎጆ ያሸሻል። ቢታገሥ ግን በ21ኛው ቀን አካባቢ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይወጣሉ፤ ከዚያም ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ወላጆቻቸው ይመግቧቸዋል።

ተረት፦ «የሐሩር አገር ወፍ ናትና ቤቷ እንደ ምድጃ ይሙቅ።»

እውነታው፦ ባለ ሰማያዊ ፊቷ በኒው ጊኒ በተራራ ደን ትኖራለች፤ ደጋ እንግዳዋ አይደለም። የሚጎዳት ውርጭ፣ የረጠበ ወለልና የታፈነ አየር ነው።

ተረት፦ «ወላጆቹ ቢሰንፉ ዕንቍላሉን ለቤንጋሊዝ ፊንች መስጠት ይበልጣል።»

እውነታው፦ ቤንጋሊዝ የምትባለው ወፍ ከሰው ጋር ከጥንት የለመደችና የሌላውን ልጅ እንደ ራሷ የምታሳድግ ናት፤ የሞግዚትነቷም በጎነት አይካድም። ነገር ግን ጀርመናዊው ሊቅ ክላውስ ኢመልማን በ1960ዎቹ ባደረገው ምርመራ፣ በቤንጋሊዝ ያደጉ የዜብራ ፊንች ወንዶች ለአቅመ ርቢ በደረሱ ጊዜ የገዛ ወገናቸውን ትተው ወደ አሳዳጊዎቻቸው ወገን ማዘንበላቸውን አሳይቷል፤ ዜብራ ፊንችም የፓሮት ፊንች የቅርብ ዘመድ ናት። እንግዲህ ሞግዚት የጭንቅ ቀን መድኃኒት እንጂ የዘወትር ልማድ ልትሆን አይገባም።

ተረት፦ «ብዙ ብትጥል የአርቢው በረከት ነው፤ አይከልክላት።»

እውነታው፦ ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ ወፍ የገደለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ፓሮት ፊንች ምግብ ከበዛላትና ጎጆ ካልታጣባት የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ ራሳቸውን ሳይችሉ ሁለተኛውን ትጥላለች፤ ወጣቶቿም የልጅነት ላባቸውን በቅጡ ሳይለውጡ ለመጣል ይዳዳቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ የዚህ መጨረሻው ቅርፊቱ የሳሳ ዕንቍላል፣ በማኅፀን ተሰንቅሮ እናቲቱን የሚገድል ዕንቍላል፣ ደካማም ጫጩት ነው። አስተዋይ አርቢ ስለዚህ ወጣቶቹ አንድ ዓመት እስኪቀርባቸው ጎጆ ይነፍጋቸዋል፤ ጥንዶቹንም በዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አያስጥልም።

ይህንንም የሚፈጽምበት ሥርዓት ለአንባቢያችን እንግዳ አይሆንም። የመጨረሻዎቹ ልጆች ራሳቸውን ሲችሉ ሣጥኖቹን ያወርዳል፤ የበቀለውን ዘር ያቆማል፤ የዕንቍላሉን ምግብ ያስቀራል፤ ከላይ አይበቃም ያልነውን ደረቅ ዘር ከጥቂት ቅጠል ጋር ብቻ ይተዋል፤ ወፏም ላባዋን ለውጣ እስክትጨርስ ድረስ እንዲህ ትቈያለች። ዕንቍላል የተከለከለበት፣ ደረቁ የተፈቀደበት ወራት ጾም ካልሆነ ምን ይባላል? ፍስኩ የሚያምረው ጾሙን ለጾመ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ወራት ሣጥኑ ተመልሶ ሲሰቀል የወንዱ ዜማ ከቤቱ ማዕዘን ይሰማል።