ከወሊድና ከውርጃ በኋላ የማያቆም ደም

በሾዋክና በአካባቢው ጣቢያዎች የምንገኝ ስደተኞች ስለ ወባና ስለ ተቅማጥ ብዙ ትምህርት ተሰጥቶናል። ስለ ሴቶች ሕመም ግን የምንነጋገረው በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም፣ ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም ነገር ግን በጊዜ ከተደረሰበት ስለሚድን አንድ ካንሰር እንገልጻለን። ስሙ ኮሪዮካርሲኖማ ይባላል።

ይህ ካንሰር የሚነሣው የእንግዴ ልጅ ከሚሠራባቸው ሕዋሳት ነው። ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከሞላር እርግዝና በኋላ ነው። ይኸውም በማሕፀን ውስጥ በፅንስ ፈንታ እንደ ወይን ዘለላ ያሉ ውሃ የቋጠሩ ፍሬዎች የሚያድጉበት እርግዝና ነው። የቀረው ከውርጃ ወይም ከደኅና ወሊድ በኋላ፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ይከሠታል።

ዋናው ምልክት የማያቆም ወይም ተመልሶ የሚመጣ ደም ነው። በሽታው ፈጥኖ ወደ ሳንባ ስለሚዛመት ሳልና ደም የቀላቀለ አክታ አስከትሎ የሳንባ ነቀርሳ ሊመስል ይችላል።

ምርመራው እንዴት ነው? በሽታው ኤች ሲ ጂ የተባለውን የእርግዝና ሆርሞን ስለሚያመነጭ ተራው የሽንት ምርመራ «እርግዝና አለ» ይላል። ባሏ የሞተባት ወይም የራቃት ሴት እንዲህ ያለ ውጤት ቢደርሳት ለሐሜት አንቸኩል፤ በሽታ ሊሆን ይችላልና። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ማሕፀኑን ያያል፣ የሆርሞኑን መጠን በደም ያስለካል፣ ሳንባዋን ራጅ ያስነሣል። ሞላር እርግዝና ከተጠረገ በኋላ ሆርሞኑ በየሳምንቱ ይለካል። ለሦስት ሳምንት ባለበት ከቆመ ወይም ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ከጨመረ ሕክምና ይጀመራል። ናሙና ቆርጦ መመርመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ብዙ ደም ሊያስፈስስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1956 ሊ እና ኸርትዝ የተባሉ ሐኪሞች ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ይህን በሽታ እንደሚያድን አሜሪካ ውስጥ አሳዩ። ዛሬ በጊዜ የተደረሰባቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ፤ አብዛኞቹም ኋላ መውለድ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት የካርቱምን ሆስፒታሎች ክፉኛ ስለጎዳ፣ በሽታው ሳይሰፋ መድረስ ለኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። ስለዚህ ደም ካላቆመ «ዛር ነው» ብሎ ከመጠበቅ ወደ ጣቢያው ክሊኒክ መሄድ፣ ወደ ገዳሪፍም መላኪያ ወረቀት መጠየቅ ይገባል። የምርመራ ወረቀት አይጣል። ክትትሉ እስኪያልቅም አለመፀነስ ያስፈልጋል፤ አዲስ እርግዝና ሆርሞኑን ስለሚጨምር በሽታው መመለሱን ለመለየት ያስቸግራል።

እናቶችና አዋላጆች ይህን ላላነበቡት እንዲነግሩልን አደራ እንላለን።