ያውቁ ኖሯል? ጀማን ተሻግሮ ቶኪዮ የደረሰው መጽሐፍ

ከሙከጡሪ የተነሣ መኪና ለሚን አልፎ፣ የጀማን ወንዝ ቁልቁለት ወርዶ፣ ወደ ዓለም ከተማ ሽቅብ ይወጣል። ይህ መንገድ ከምሥራቅ እስያ ጋር የተዋወቀው በለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀውን ፋብሪካ ኢስት አፍሪካ ሆልዲንግ ያቆመው ከቻይናው ዌስት ኢንተርናሽናል ሆልዲንግ ጋር ነውና አይፈረድበትም። ትውውቁ ግን ከዚያ በዘጠና ዓመት ይቀድማል፤ ያገናኘውም መጽሐፍ ነው። የዛሬው አምዳችን የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ መጻሕፍት በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚያዙ ያወጋል። (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

ያውቁ ኖሯል? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት ከለሚ ማዶ፣ ጀማን ተሻግሮ በመርሐቤቴ ነው። በ1931 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ በ1924 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሳተሙ። መጽሐፉ በ1934 ወደ ጃፓንኛ ተመልሶ ቶኪዮ ውስጥ ታትሟል።

እኚሁ ሰው በሌላም በኩል የቤተ መጻሕፍት ሰው ናቸው። በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር በ1904 ዓ.ም. አውጥተዋል፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው አሳትመውታል። ደራሲነታቸውን ሁሉ ያነሣዋል፤ ካታሎግ አዘጋጅነታቸውን ግን ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

በዚያ ዘመን ቶኪዮ የታተመ መጽሐፍ ካታሎግ አድርጉ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? ከኋላ። መጽሐፉ የሚገለጠው ከቀኝ ነው፤ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ካታሎገሩ የሚፈልገው ነገር የተሰበሰበው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፦ የደራሲው፣ የአሳታሚውና የማተሚያ ቤቱ ስም፣ የታተመበት ቀን፣ ዋጋው ሳይቀር። ዓመቱ ግን 1934 አይልም፤ «ሾዋ 9» ይላል፤ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን ዘጠነኛው ዓመት ማለት ነው። በሾዋው ላይ 1925 ሲደመር የፈረንጁ ዓመት ይመጣል። የታይዋን መጽሐፍ ከሆነ የሚደመረው 1911 ነው፤ ሪፐብሊኩ ከታወጀበት ከ1912 ይቆጥራሉና። ሰሜን ኮሪያም ከኪም ኢል ሱንግ የልደት ዓመት ተነሥታ ለብዙ ጊዜ በዚያው ልክ ቆጥራለች። «ሰባት ልደምር ወይስ ስምንት?» እያለ ላደገ የእኛ ሰው ይህ ብዙም አያስደንግጥም።

ስምም እንደዚያው ነው። ማኦ ዜዶንግ ሲባል ማኦ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ካታሎጉ እንዳለ ይመዘግበዋል፤ ማገላበጥ የለም። የኢትዮጵያዊ ስምም በደንቡ አይገለበጥም፦ ኅሩይ የሚገኙት «ኅሩይ» በሚለው ሥር እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም። ውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ገብቶ «ወልደ ሥላሴ» የሚለው ሥር ያገኛቸው አንባቢ ካለ፣ መዝጋቢው ደንቡን ሳይሆን የፈረንጅ ልማዱን ተከትሏል ማለት ነው።

ማኦ ራሱ ግን በላቲን ሁለት ዓይነት ሲጻፍ ኖሯል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ለአሥርት ዓመታት ዌድ-ጃይልስ በተባለው ስልት «ማኦ ጼ-ቱንግ» ይሉ ነበር። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከጥቅምት 1 ቀን 2000 ጀምሮ ወደ ፒንዪን ሲዞር መዝገቦች በገፍ ተለወጡ፤ የመደርደሪያ ቁጥር የተቀየረላቸውም ነበሩ። ኮሪያኛ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፦ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በዚያው በ2000 አዲስ አጻጻፍ አውጥቶ «ፑሳን»ን «ቡሳን» ሲያደርግ፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ግን በ1939 በወጣው በማኩን-ራይሻወር ስልት ቀጠሉ። አንባቢ ሁለቱንም እየሞከረ መፈለግ አለበት።

ያውቁ ኖሯል? በ1716 የተጠናቀቀው የካንግሺ መዝገበ ቃላት 47,035 ቁምፊዎችን ይዟል፤ የተደረደሩትም በ214 መሠረታውያን ቅርጾች ሥር ነው። ከዚህ በኋላ የእኛ ፊደል በዛ የሚል ተማሪ ሰበብ የለውም።

እንዲያም ሆኖ ኮምፒዩተር ውስጥ እነሱ ቀድመውናል። የቻይንኛ፣ የጃፓንኛና የኮሪያኛ ጽሕፈት በ1983 በአሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት የጋራ መዝገብ ገባ፤ 20,902 ቁምፊዎች በ1992 ዩኒኮድ ውስጥ ተካተቱ። ግዕዝ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በራሳቸው ፊደል ለመመዝገብ ቅድሚያ የሰጣቸው ቋንቋዎች ጃፓንኛ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ፋርስኛ፣ ዕብራይስጥና ዪዲሽ ነበሩ። አማርኛ የለበትም። አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ በገጽ በግዕዝ ፊደል ታትሞ ሳለ መዝገቡ ለረጅም ጊዜ በነጥብና በሰረዝ ባጌጠ ላቲን ብቻ መጻፉ፣ እንደኔ እንደኔ፣ አንባቢውን ከመጽሐፉ ጋር ከማገናኘት ይልቅ አቆራርጦታል። በመዝገብ ቅጹ ላይ 880 የሚባለው መስክ የተዘጋጀው የመጽሐፉ መረጃ በራሱ ፊደል እንዲጻፍ ነው፤ ዛሬ ቢሞላ የሚከለክለው ነገር የለም።

ከመዝገቡ ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቻይንኛ ስብስብ የተጀመረው በ1869 ከንጉሠ ነገሥት ቶንግዢ በተላከ ስጦታ ነው፦ አሥር ሥራዎች፣ ከ900 በላይ ጥራዞች። አሜሪካ ቀድማ የላከችው የእርሻ መጻሕፍትና ዘር ነበር! እነዚያን የመሰሉ የቻይና ጥራዞች ለስላሳ ሽፋን ያላቸው፣ በክር የተሰፉ ናቸው፤ ብዙ ሆነው በአንድ ጨርቅ በለበሰ ሣጥን ይገባሉ። በተለምዶ የሚቀመጡት በጎናቸው ተኝተው ነው። ቀጥ አድርጎ እርስ በርስ ያደገፋቸው ሠራተኛ ወረቀቱ ሲጎብጥበት ያየዋል።

የሃርቫርድ-የንቺንግ ቤተ መጻሕፍት በ1928 ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ አልፍሬድ ካይሚንግ ቺዩ ነበር። የምዕራቡ ምደባ ለቻይና መጻሕፍት አልመች ቢለው፣ ከጥንታዊው የቻይና አከፋፈል ተነሥቶ የራሱን ሠራ፤ ብዙ የምሥራቅ እስያ ቤተ መጻሕፍትም ተከተሉት። ጃፓኖች በበኩላቸው ከ1929 ጀምሮ የራሳቸው አሥርዮሽ ምደባ አላቸው።

ፈጠን እንበል። ቀኑ ተጽፎበት ከቀሩት የታተሙ መጻሕፍት ጥንታዊው በ868 በቻይና የታተመው የአልማዝ ሱትራ ነው፤ ያለው ለንደን ነው። በብረት ተንቀሳቃሽ ፊደል ታትመው ከቀሩት ጥንታዊው የኮሪያው ጂክጂ ነው፤ ከጉተንበርግ በፊት በ1377 ታትሞ ዛሬ ፓሪስ ውስጥ ይገኛል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የናይሮቢ ቢሮ ከ1966 ጀምሮ የቀጠናውን መጻሕፍት ይሰበስባል፤ አዲስ አበባ የታተመው የአማርኛ መጽሐፍም ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚጓዝባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ደግሞ በ1997 የተካሄደው ኪዮቶ ላይ ነበር።

ለለሚ ቅርብ ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ ደብረ ብርሃን ይሁን ፍቼ ያለው ሰላሌ፣ የቻይንኛ መደርደሪያ ልክፈት ቢል በካርቶን ከሚመጣ የስጦታ መጽሐፍ ባይጀምር ይሻለዋል። መጀመሪያ ፊደሉን የሚያነብ አንድ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ጥሩ መዝገበ ቃላት፣ ከዚያ ስለ ሲሚንቶና ስለ ማሽን የተጻፈ የሙያ መጽሐፍ። አንባቢው በዚያው መንገድ ላይ ነው ያለው።

መደርደሪያውን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ምደባ ከሠራው ደግሞ አንድ ነገር ይጠብቀዋል። አማርኛና ኦሮምኛ የሚገቡት ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር በ«ፒጄ» ሥር ነው። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ የ«ፒኤል» ናቸው፤ በዚያው በ«ፒኤል» ሥር ወረድ ሲሉ ስዋሂሊን ያገኙታል።