ልፋቱ በኻልዴ፣ ደብተሩ በወንድም ስም

ከቤይሩት መሐል ከተማ ተነሥቶ የባሕሩን ዳርቻ እየተከተለ ወደ ሰይዳ የሚወርደው አውራ ጎዳና፣ የራፊቅ ሐሪሪ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያን እንዳለፈ ኻልዴን ያገኛል። አውሮፕላኖች ሲነሡና ሲያርፉ ከፎቅ ቤቶቹ በረንዳ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። በእነዚህ ቤቶች ከሚያጥቡት፣ ከሚያበስሉትና አዛውንት ከሚጦሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይገኙበታል። ብዙዎቹ በዓይናቸው የሚያዩትን ያን አውሮፕላን ተሳፍረው አገራቸውን ለመጎብኘት ግን ዓመታት ይፈጅባቸዋል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ማለትም ኢቃማቸው፣ ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰረ ነው። በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም።

ከኢኮኖሚ ቀውሱ በፊት የአንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ወርኃዊ ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ዶላር ይደርስ ነበር። ይህ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ሲላክ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ የደላላው ዕዳ ይከፈላል፤ ቀጥሎ የወላጆች ጓዳ ይሞላል፤ ታናናሾች ይማራሉ፤ የሣር ቤቱ በቆርቆሮ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን በስልክ «መሬት ተገኝቷል፤ ገንዘብ ላኪ» የሚል ወሬ ይመጣል።

ሴቶቹ መሬትን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የሊባኖስ ፓውንድ ከ1997 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ዶላር በ1,507 ገደማ ሲመነዘር ኖሮ፣ ከ2012 ዓ.ም ጥቅምት ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ ዋጋውን ሲያጣ በዓይናቸው አይተዋል። በአገር ቤትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ግብይት ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ገንዘቧን በብር በባንክ ያስቀመጠች ሴት ይህን ስታይ፣ መሬት የያዘችው ጓደኛዋ ብልህ ሆና ብትታያት አያስገርምም።

ችግሩ የገጠር መሬት በኢትዮጵያ የማይሸጥ መሆኑ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የግል ባለቤትነትን አስቀረ፤ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ያንን መብት በሕጉ መሠረት ሊያከራይ ወይም ሊያወርስ ይችላል፤ ሊሸጠው ግን አይችልም።

ይሁን እንጂ መሬት «ይገዛል»። አንዳንዱ ሽያጩን የረጅም ጊዜ ኪራይ ብሎ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ ስጦታ ይለዋል። ሌላው በወለድ አገድ ስም ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ማሳውን ይይዛል፤ ገንዘቡ እንደማይመለስ ግን ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። ውሉ በመንደር ሽማግሌዎች ፊት፣ በተራ ወረቀት፣ በጣት አሻራ ይፈረማል። ሰላም እስካለ ድረስ ያገለግላል። ጠብ የተነሣ ዕለት ግን ሕግ የከለከለውን ሽያጭ የሚያስፈጽም ፍርድ ቤት የለም።

ከደቡብ ወሎ፣ ከቃሉ ወረዳ፣ ወደ ኻልዴ የሄደች አንዲት ሴት አለች እንበል። ስምንት ዓመት ሠርታ የላከችው ገንዘብ ለወንድሟ ይደርሳል። ወንድም ከጎረቤት አርሶ አደር ጋር ይዋዋላል፤ በውሉ ላይ የተጻፈው የእርሱ ስም ነው። በኋላም ማሳው በመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር ላይ የሚሰፍረው የወንድምና የሚስቱ ስም፣ የሚለጠፈውም የእነርሱ ፎቶግራፍ ይሆናል። ወንድሟ ሌባ ላይሆን ይችላል። አርሷል፣ ዘርቷል፣ ግብር ከፍሏል፤ ልጆችም ወልዷል። ከዓመታት በኋላ እኅት ተመልሳ «መሬቴ» ስትል፣ እርሱም ከልቡ «መሬቴ» ይላል። በእጇ ያለው የሐዋላ ደረሰኝ ገንዘብ መላኩን እንጂ ለምን እንደተላከ አይናገርም። ለእናት ሕክምና ነበር? ለወንድም ሠርግ? ወይስ ለማሳው?

በስተ ሩቅ ምሥራቅም ተመሳሳይ ነገር አለ። በታይላንድ ሕጉ፣ ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር፣ ለውጭ ዜጋ የመሬት ባለቤትነትን አይፈቅድም፤ የታይላንድ ሴት ያገባ የውጭ ሰው ለሚስቱ ቤተሰብ መሬት ሲገዛ መሬቱ በሚስቱ ስም ይመዘገባል። በምዝገባው ጊዜም ገንዘቡ የሚስቱ የግል ገንዘብ መሆኑን ባል በፊርማው ያረጋግጣል። ያ ሰው ቢያንስ የፈረመውን ያውቃል። የኻልዴዋ ሴት ግን ባዕድ አይደለችም፤ ዜጋ ናት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በማስተላለፍ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ይናገራል። የሚያስቸግራት ዜግነቷ ሳይሆን መራቋ ነው።

መራቅ በሕጉ ውስጥም ትርጉም አለው። በ1997 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 «የቤተሰብ አባል» የሚለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖረውንና መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነበር። የአባቷን ቤት በቆርቆሮ የከደነችው ልጅ፣ ዓመታት በቤይሩት ስላሳለፈች፣ በዚህ ትርጉም ቤተሰብ መሆኗ ሊያከራክር ይችል ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት መጠየቅ የሚገባው ደላላው ሳይሆን የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው።

በከተሞች ዳርቻ ነገሩ ይብሳል። አርሶ አደሩ ከተማው ሳይደርስበት ማሳውን ቆራርሶ ያስተላልፋል፤ በሌሊት የጨረቃ ቤት ይቆማል። አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ገንዘቧን የላከችው ሴት በሌላ አገር የማዳሟን ወለል እየወለወለች ነው። ያገባች ከሆነች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በትዳር ዘመን በግል ጥረት የተገኘ ገቢ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው። ይህ ለእርሷም ይሠራል፤ ባል በእርሷ ገንዘብ ያፈራውን ንብረት በስሙ ብቻ ቢያስመዘግበውም የግሉ መሆኑን ማስረዳት የእርሱ ፈንታ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ጉዳይ ይመስል ነበር። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የእስራኤል የአየር ድብደባ በደቡባዊ ቤይሩት ሲበረታ፣ ኅዳር 18 ቀን የተኩስ አቁም እስኪደረስ ድረስ፣ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ሠራተኞች በየመጠለያውና በየመንገዱ አደሩ። ያን ጊዜ «ወደ አገሬ ልግባ» ያለች ሁሉ ወዲያው የምትጠይቀው፣ ስትደርስ በስሟ የሚጠብቃት ምን እንደሆነ ነው።

በስም የሚያዝ ነገር ግን አለ። ያው አንቀጽ 40 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መሬቱ የአባት ይዞታ ቢሆንም ቤቱ የሠሪዋ ሊሆን ይችላል፤ ሠሪዋ እርሷ መሆኗን የሚያሳይ ጽሑፍ ካለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት ያዛል። ለወንድም የተላከው ገንዘብ ብድር ከሆነ «ብድር ነው» ተብሎ ሊፈረምበት ይገባል። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውልም በጽሑፍ ተደርጎ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ የሚሰጥ የውክልና ሰነድም አጻጻፉ ይለያያል። በጥቅሉ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ አይበቃም፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወንድሙን የምታምን ሴትም ቢሆን ለመግዛትና በስሟ ለማስመዝገብ ሥልጣን ሰጥታ፣ ለመሸጥ ግን ላትሰጥ ትችላለች።

«ወንድሜን ፈረም እንዴት እለዋለሁ?» የሚለው ቅሬታ ከሁሉም ይከብዳል። በአገር ቤት ባህል በእኅትና በወንድም መካከል ወረቀት መጠየቅ እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል። ሆኖም ያው ወንድም ከጎረቤቱ ጋር ሲዋዋል ሦስት ምስክር አስቀምጦ፣ ቀለም ነክሮ ጣቱን አኑሯል።