ሕፃኗ ለምን ዝም አለች?

በአዲስ አበባ ከተማ በስተምዕራብ ቀራንዮ የሚባል ሰፈር አለ። ዛሬ ከኮልፌ ጋር ተጠቃሎ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይባላል። ከየገጠሩ የመጣ ሰው ይኖርበታል። ምናልባት የእናንተም ወንድም ወይም የአክስት ልጅ እዚያ ይኖር ይሆናል።

ጧት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሰፈሩ መንገድ ላይ ትንንሽ ልጆች ይታያሉ። ዕድሜያቸው አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ነው። እናት፣ አያት ወይም ታላቅ እህት እጃቸውን ይዛ ትወስዳቸዋለች። አንዳንዱ እየዘለለ ይሄዳል። አንዳንዱ የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ “አልሄድም!” እያለ ያለቅሳል። የሚወሰዱት ወደ አፀደ ሕፃናት ነው።

አፀድ የምንለው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚበቅለውን ዛፍና ተክል ነው። አፀደ ሕፃናት ማለትም የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙ ከሩቅ የመጣ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮቤል የሚባሉ ጀርመናዊ መምህር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ “የሕፃናት አትክልት ቦታ” ብለው ሰየሙት። ሕፃን እንደ ተክል በየቀኑ እየታየ ይደግ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እናንተ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። የችግኙ ቅጠል ሲጠወልግ ገበሬ ቅጠሉን አይቆጣም። ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያያል።

በአገራችን ከዚያ በፊት ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩት የኔታ ዘንድ ነበር። የሙስሊም ልጆች ደግሞ ቁርአን ቤት ይቀሩ ነበር። ዘመናዊው አፀደ ሕፃናት መጀመሪያ የተከፈተው በድሬዳዋ ነው ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ገደማ፣ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ለመጡ ፈረንሳዮች ልጆች ነበር። ዛሬ በገጠርም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ “ኦ ክፍል” ወይም “ዜሮ ክፍል” የሚባል አለ። እዚያም የሚገቡት አንደኛ ክፍል ያልደረሱ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ለእነዚህ ሕፃናት የምክር አገልግሎት ያስፈልጋል ይባላል። ምክር ሲባል እኛ የምናውቀው ሽማግሌ የሚሰጠውን ነው። ጎረምሳ ሲያጠፋ ይመከራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይመከራሉ። የአምስት ዓመት ልጅ ምን ተብሎ ይመከራል? መልሱን ለማግኘት አንዲት ልጅ በሐሳባችን እንውሰድ።

ልጅቱ የአምስት ዓመት ናት እንበል። በመስከረም ትምህርት ስትጀምር ተጫዋች ነበረች። ትዘፍናለች፤ ፊደል ትቆጥራለች። ከጥር በኋላ ግን ዝም አለች። መምህሯ ስትጠራት አትመልስም። ምሳዋን ትተዋለች። ከዚህ በፊት ያልነበረባትን፣ ሌሊት ሽንቷ ያመልጣታል። ልጆች ሲነኳት ትናከሳለች። በዕረፍት ሰዓት በግቢው በር አጠገብ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች።

ይህችን ልጅ ምን እንላታለን? አንዱ “ባለጌ ሆነች” ይላል። ሌላው “ሰነፍ ናት” ይላል። ጎረቤት ደግሞ “ዓይን ነው የበላት” ትላለች። ልምጭ የሚያነሣም አይጠፋም።

የምክር ባለሙያዋ እንዲህ አታደርግም። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ከልጅቱ ጋር ትቀመጣለች። “ምን ሆነሻል? ተናገሪ!” ብላ አታፋጥጣትም። የሚድቦለቦል ጭቃ ትሰጣታለች። አሻንጉሊትና ባለ ቀለም እርሳስ ታቀርብላታለች። ልጅቱ ቤት ትሥላለች። እናቷንና አያቷን ቤቱ ውስጥ ታደርጋለች። አባቷን ግን ከቤት ውጭ፣ መኪና ላይ ትሥለዋለች።

“ይሄ ማነው?”

“አባዬ። ሥራ ሄዷል። ይመጣል።”

ባለሙያዋ ሥዕሉን አይታ አትፈርድም። ሥዕል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እናትን ታስጠራለች፤ በሩ ተዘግቶ ብቻቸውን ይነጋገራሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ይወጣል። አባት ከሞተ ሦስት ወር ሆኖታል። ለልጅቱ የነገራት የለም። “ሕፃን ናት፤ ትጎዳለች” ተብሎ ተሸሽጎባታል።

ነገር ግን ልጅቱ ድንኳኑን አይታለች። ለቅሶውን ሰምታለች። የእናቷን ጥቁር ልብስ በየቀኑ ታያለች። እሷ ስትገባ ሰዎች ወሬ ሲያቋርጡ ታዝባለች። አንድ ነገር እንዳለ አውቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ስለዚህ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ልጅቱን ለምሳሌ አመጣናት እንጂ ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን ለሕፃን መርዶ አይነገርም። ከርኅራኄ የመጣ ልማድ ነው። ቢሆንም ልጁን ይጎዳል እንላለን። አዋቂ ሲረዳ ዘመድ አጠገቡ ሆኖ ያለቅሳል፤ ያጽናናዋል። ሕፃኑ ግን ብቻውን ነው የሚያዝነው።

ባለሙያዋ ለእናት የምትነግራት ይህን ነው። ልጅቱ የምትቀርበው ሰው በአጭር ቃል ይንገራት። “አባትሽ ሞቷል። ከእንግዲህ አይመጣም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ አለሁልሽ” ይበቃል። “ተኝቷል” ማለት ደግ አይደለም፤ ልጅቱ እንቅልፍ ልትፈራ ትችላለች። “ሩቅ አገር ሄደ” ማለትም ደግ አይደለም፤ “ጥሎኝ ሄደ” ብላ ትቀየማለች። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ቶሎ አይገባውም። ነገ ተመልሳ “መቼ ነው የሚመጣው?” ትላለች። ሳይቆጡ ያንኑ መመለስ ነው። አልቅሳ ወዲያው ለጨዋታ ብትሮጥም አትገረሙ። የልጅ ኀዘን እንዲህ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ዝምታ ሁሉ ኀዘን አይደለም። ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ አንዳንዴ ጆሮው አይሰማ ይሆናል። ጆሮው ደጋግሞ መግል የሚያፈስ ልጅ መስማቱ ሊቀንስ ይችላል። ቤተሰቡ ግን “እልኸኛ ነው” ይለዋል። ከኋላው ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ጥሩት። ዞር ካላለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጠየቅ ይቻላል።

ሌላም አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ብዙ ሰው ያስታውሳቸዋል። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አእምሮው ከሌላው በተለየ መንገድ ያድጋል። አንዳንዱ ዘግይቶ ይናገራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይናገርም። ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየትም ይከብደዋል። እርግማን አይደለም፤ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. አረፉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ተቆልፎበት የሚውል ብዙ ነበር። ዛሬም የሚደብቅ አለ። መደበቁ ለልጁም ለእናቱም ከባድ ነው።

ስለ ልምጩም አንድ ነገር እንበል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት ይናገራል። ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ስለዚህ መምህር ልጃችሁን ቢመታ “ደግ አደረግህ” ማለት የለባችሁም። የተመታ ልጅ የሚማረው ችግሩን መደበቅ ነው። ያን ጊዜ መካሪም አያገኘው።

እውነቱን ለመናገር የምክር ባለሙያ ያለው አፀደ ሕፃናት ብርቅ ነው። ባለሙያ በተመደበበት ቦታም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከትልልቅ ተማሪዎች ጋር ነው። በአፀደ ሕፃናት ሥራውን የምትሠራው መምህሯ ናት። ሞግዚቷም ታግዛታለች። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለተማሪዎች ምግብ ይቀርባል። ማን እንደበላና ማን እንደተወ ቀድማ የምታየው ሞግዚቷ ናት። አርባ ልጅ የያዘች መምህር ግን ሁሉን ማየት አትችልም።

እዚህ ላይ ነው ወላጅ የሚያስፈልገው። ቤት ውስጥ ሰው ከሞተ ለመምህሯ ንገሯት። እናት አረብ አገር ከሄደች፣ አባትና እናት ከተለያዩ፣ አዲስ ሕፃን ከተወለደ ንገሯት። ቤታችሁ የምትናገሩት ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ከሆነና ልጁ አማርኛ ካልቻለ ይህንንም ንገሯት። የቤት ገመና ማውጣት እንዳይመስላችሁ። ዝርዝሩን መናገር ግዴታ የለባችሁም፤ ዋናው ይበቃታል። እሷም የሰማችውን ወደ ቡና ጨዋታ ማውጣት የለባትም። ልጁን የሚጎዳ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ምሥጢር ተብሎ አይያዝም። ለፖሊስና በወረዳው የሕፃናትን ጉዳይ ለሚይዘው ጽሕፈት ቤት መነገር አለበት።

ጧት በር ላይ የሚያለቅሰው ልጅስ? አብዛኛው በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። ብዙ እናቶች ልጁ ዞር ሲል ሾልከው ይሄዳሉ። ልጁ ዞሮ ሲያጣቸው “ጠፋችብኝ” ብሎ ይደነግጣል፤ በማግሥቱም ነጠላውን አጥብቆ ይይዛል። ስማችሁ ተሰናበቱት። ሰዓት ስለማያውቅ “በስድስት ሰዓት” አትበሉት። “ምሳ በልታችሁ፣ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ” በሉት። በተባለው ጊዜ ድረሱ። የምትመጣው አያቱ ከሆነች ጧቱን ንገሩት።