ጂ እና ኤች፦ ተጽፈው የማይነበቡት ሁለቱ ፊደላት

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ እንጂ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። ዛሬ ግን ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስከታተለው ስለቆየሁት አንድ የእንግሊዝኛ ጣጣ ላጫውታችሁ ነው። ጣጣው «ጂ» እና «ኤች» የሚባሉት ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚመጣው ነው።

መነሻዬ የራሴ ገጠመኝ ነው። አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የውኃ ፕሮጀክት ስብሰባ ላይ ሪፖርት አቀረብኩ። «ለሦስት ዓመት በደረሰው ከባድ ድራፍት የተነሳ የማጠራቀሚያው ውኃ እጅግ ቀንሷል» አልኩ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ማን ጠጥቶት ነው?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካስ ድርቅ ያልኩበት ቃል የሚነበበው «ድራውት» ተብሎ ኖሯል! «ድራፍት» ደግሞ አገር ቤትም እንደምናውቀው ከበርሜል የሚቀዳው ቢራ ነው። በእንግሊዞች አጻጻፍ ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ድርቁ «ኦ» ሲኖረው ቢራው «ኤ» አለው። አሜሪካኖች ቢራውን በ«ኤፍ» ጽፈው ተገላግለዋል።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ወራት በስብሰባ ላይ አፌን አልከፈትኩም። ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሰው አገር የሠራ ያውቀዋል። ሐሳቡ ያንተ ሆኖ የሚያቀርበው ሌላ ነው፤ እድገቱም ወደዚያው ይሄዳል።

በመጨረሻ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቃላቱን በየወገናቸው መደብኳቸው። ለእናንተም ይጠቅም እንደሆን እነሆ፦

አንደኛ፣ በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጡ እንደ «ግ» ብቻ ይነበባሉ። «ጎስት» ማለት የሙት መንፈስ ነው። «ጌቶ» የተገለሉ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ጋና የምንላት አገርም እንዲሁ ናት።

ሁለተኛ፣ ከኋላቸው «ቲ» ከተከተለ ሁለቱም አይነበቡም። «ናይት» (ሌሊት)፣ «ላይት» (ብርሃን)፣ «ራይት» (ቀኝ፣ ትክክል)፣ «ታይት» (ጥብቅ)፣ «ኤይት» (ስምንት)፣ «ዌይት» (ክብደት)፣ «ቦት» (ገዛ)፣ «ዶተር» (ሴት ልጅ) ሁሉም እዚህ ይገባሉ። «ድራውት»ም እዚሁ ነው፤ ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን እድን ነበር። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡት «ላፍተር» (ሳቅ) እና የእንግሊዞቹ «ድራፍት» ናቸው። «ላፍተር» ፊት «ኤስ» ብትጨምሩበት ግን «ስሎተር» ይሆናል፤ ትርጉሙ ማረድ ነው!

ሦስተኛ፣ በጥቂት ቃላት መጨረሻ ላይ «ፍ» ይሆናሉ። በቃል ማጥናት ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም፦ «ላፍ» (መሳቅ)፣ «ኮፍ» (ማሳል)፣ «ኢነፍ» (በቂ)፣ «ረፍ» (ሻካራ)፣ «ተፍ» (በቀላሉ የማይበገር)፣ «ትሮፍ» (የከብት ገንዳ)።

አራተኛ፣ በቀሩት ድምፅ የላቸውም። «ሃይ» (ከፍ ያለ)፣ «ኔበር» (ጎረቤት)፣ «ዶ» (ሊጥ)፣ «ባው» (የዛፍ ቅርንጫፍ)፣ «ስሩ» (በመካከል አልፎ) ከእነዚህ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ «ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» በሚሉት አራት ፊደላት የሚያበቁ ሲሆኑ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ታዲያ የማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል? መልሱን ያገኘሁት ከጀርመንኛ ነው። የተማርኩት ጀርመን አገር ስለነበር ጀርመኖች ሌሊትን «ናኽት»፣ ስምንትን «አኽት»፣ ሴት ልጅን «ቶኽተር»፣ መሳቅን «ላኸን» እንደሚሉ አውቃለሁ። እንግሊዝኛው ዝም ባለበት በብዙ ቦታ ጀርመንኛው «ኽ» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ እንግሊዞችም በጥንት ጊዜ ሌሊትን «ኒኽት» ይሉና በ«ኤች» ብቻ ይጽፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ የሠለጠኑ ጸሐፍት መጡ፤ ከጊዜ በኋላም ያ የጉሮሮ ድምፅ በ«ጂ» እና «ኤች» መጻፍ ጀመረ። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 በዌስትሚኒስተር ማተሚያ አቆመ፤ አጻጻፉም እየረጋ ሄደ። ድምፁ ግን ከሰው አንደበት እየጠፋ ነበር። በአብዛኛው ጨርሶ ጠፋ፣ በጥቂት ቃላት ወደ «ፍ» ተለወጠ። በስኮትላንድ እስከ ዛሬ «ኒኽት» የሚሉ አሉ።

ያለ ታሪካቸው የገቡም አሉ። «ዲላይት» (ደስታ) ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ሁለቱ ፊደላት አልነበሩትም፤ «ላይት»ን ስለመሰለ ብቻ ተሰኩበት።

ይህን ሁሉ ያስቆፈረኝ ስብሰባው ብቻ አይደለም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ ማታ ተረት ሳነብላት «አባ፣ ዳፍተር አይደለም፣ ዶተር ነው» ብላ አረመችኝ። እኔም በተራዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አስቆጥራታለሁ። አንድ ቀን «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉም አንድ ድምፅ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ? አማርኛ ሞኝ ነው» አለችኝ። እኔም እንግሊዝኛን ስረግም የኖርኩት በዚሁ ቃል ነበርና ዝም አልኩ።

ከዚያ «እኅት» ብዬ ጻፍኩላት። ስንጠራት «እቴ» ነው የምንለው፤ «ኅ» የለችም። በግእዝ ግን «ኅ» ከጉሮሮ የምትወጣ «ኽ» ነበረች። ዓረብ አገር የምትኖሩ ትመሰክራላችሁ፤ ዓረቦች እኅትን «ኡኽት» ይሏታል። «አምስት»ም በግእዝ «ኀምስቱ» ነው፤ ዓረብኛው «ኸምሳ» ይላል። ጀርመንኛ ለእንግሊዝኛ የያዘለትን ድምፅ፣ ዓረብኛ ለእኛ ይዞልናል ማለት ነው። ልጄም ጥቂት አስባ «እንግዲያው ናይትም እኅትም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የጠፋባቸው» አለች። እኔ እዚህ ለመድረስ ብዙ ማታ ፈጅቶብኛል።

ወገኖቼ፣ ቃል ስታበላሹ የሚስቅባችሁ ቢኖር አብራችሁ ሳቁ፤ ግን እንደ እኔ ዝም አትበሉ። ያ ፊደል ለባለቤቶቹም ልጆች ፈተና ነው፤ ልዩነቱ እነሱ በልጅነታቸው ማጥናታቸው ብቻ ነው። እኔም ዛሬ በስብሰባ እናገራለሁ፤ ስሳሳት ታርሜ እቀጥላለሁ። ልጄ አሁንም ታርመኛለች። «ዶተር» እና «ላፍተር» ሲጻፉ የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ መሆኑን ያሳየችኝም እሷ ናት።

ቸር ይግጠመን።